7 ያገኘ ጌም ለምን እንደ ወደቀ ይቆጠራል? ስለ ሪቪው ነጥቦች እንነጋገር

ፀሐይ_ፒክስል (ክሩን የከፈተችው)

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ትልቅ ጌም ሊወጣ ሲል በየቦታው የማየው ክርክር አንድ ዓይነት ነው። ሪቪው (የሃያስያን ግምገማ) ይወጣል፣ ነጥቡ 7 ይሆናል፣ ከዚያ «በቃ፣ አልተሳካም» ይባላል። ከ10 ውስጥ እኮ ነው 7! በየትኛውም ፈተና ይህን ያመጣ ሰው አልፏል። ጌም ላይ ሲሆን ግን 7 ማለት «ቅናሽ ሲመጣ እናየዋለን» ማለት ሆኗል፣ 6 ደግሞ ቀብር ነው። ከ1 እስከ 5 ያሉት ቁጥሮች የሚነካቸው የለም።

የተጫዋቾች ስሜት ብቻ እንዳይመስላችሁ። የሃያስያንን ነጥብ ሰብስቦ አማካይ የሚያወጣው ድረ ገጽ፣ ሜታክሪቲክ፣ ራሱ ሚዛኑን የሠራው እንደዚያ ነው። ፊልም ከ100 ውስጥ 61 ሲያገኝ አረንጓዴ ይቀባል፤ ጌም አረንጓዴ ለመሆን 75 መድረስ አለበት። 65 ያገኘ ፊልም በጥቅሉ ተወዷል ሲባል፣ 65 ያገኘ ጌም ቢጫ ይቀባና ሐሳብ የተከፋፈለበት ይባላል። ድረ ገጹ አንድ፣ ቁጥሩም አንድ፣ ፍርዱ ግን ሁለት።

ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ሃያሲው ከተጫወተው ነገር ተነስቶ ቁጥሩ ላይ እንዴት ይደርሳል? ሪቪው ጽፋችሁ የምታውቁ ካላችሁ ንገሩን። እኔ በበኩሌ ቁጥሩ ቢቀር ጽሑፉ ይነበባል ብዬ አምናለሁ። የሚቃወመኝ ካለ ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱን ብቻ ይዞ ይምጣ።

የድሮ_ካርትሪጅ

ጥሩ ክር ነው የከፈትሽው ልጄ። ቁጥሩ ከየት እንደ መጣ ትንሽ ልበል። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ከኢንተርኔት በፊት ሪቪው የሚነበበው መጽሔት ላይ ነበር፣ ጌሙም የሚመዘነው እንደ ዕቃ ነው። ግራፊክሱ ይህን ያህል፣ ድምፁ ይህን ያህል፣ አጨዋወቱ ይህን ያህል፣ ስንት ሰዓት ያጫውታል፣ ተብሎ ተከፋፍሎ። ልማዱ ወደ ድረ ገጾችም ተሻገረ። የጌም ድረ ገጹ አይጂኤን ለረጅም ጊዜ አምስት ንዑስ ነጥቦችን ይሰጥ ነበር፤ ከታች ጠቅላላውን ሲያስቀምጥ ግን «አማካይ አይደለም» የሚል ማስታወሻ ያክልበታል። ያቺን ማስታወሻ እወዳት ነበር። ክፍሎቹን ብትደምሩ ጌሙን አታገኙትም ማለቷ ነው፤ ምርጥ ግራፊክስና ምርጥ ሙዚቃ ያለው አሰልቺ ጌም ስንት አይተናል።

የጃፓኑ ፋሚትሱ ከ1986 ጀምሮ የሚታተም መጽሔት ነው፤ አካሄዱም ሌላ ነው። አራት ሰዎች ያንኑ ጌም ይጫወታሉ፣ እያንዳንዳቸው ከ10 ይሰጣሉ፣ ድምሩ ከ40 ይሆናል። 40 ከ40 ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው በ1998 ለዘ ሌጀንድ ኦፍ ዜልዳ፦ ኦካሪና ኦፍ ታይም ነው። ድምሩን ተዉትና አራቱ ቁጥሮች ለየብቻቸው መታተማቸውን ተመልከቱ። 9፣ 9፣ 8፣ 5 ብታዩ ከአራቱ አንዱ ጌሙን እንዳልወደደው ወዲያው ይገባችኋል፣ የእሱን አስተያየት ለይታችሁ ታነባላችሁ። 31 ከ40 ብቻ ቢባል ያ ሰው ይጠፋል።

የእንግሊዙ ኤጅ ደግሞ በ1993 ተጀምሮ የመጀመሪያውን 10 የሰጠው በ1996 ለሱፐር ማሪዮ 64 ነው። ከዚያም በኋላ እጁን ሰብስቦ ነው የኖረው። 10 ሲሰጥ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ የሚያየውም ለዚህ ነው። ስለዚህ ችግሩ ያለው ቁጥር በመኖሩ ሳይሆን ቁጥሩ በመርከሱ ላይ ነው እላለሁ።

ፈጣን_እጅ

ፀሐይ፣ እኔ ልቃወምሽ። ሥራ አለኝ፣ ልጆች አሉኝ፣ ለጌም የሚተርፈኝ በሳምንት ጥቂት ሰዓት ነው። በወር የሚወጡትን ጌሞች ሪቪው ሁሉ ላንብብ ብል የመጫወቻ ሰዓቴ በንባብ ያልቃል። ቁጥሩን አይቼ አልገዛም፤ የቱን ሪቪው ቁጭ ብዬ እንደማነብ ነው የምመርጥበት። 9 ካየሁ «ለምን?» እላለሁ፣ 4 ካየሁም «ለምን?» እላለሁ። ቁጥር ከሌለ የቱን እንደምከፍት አላውቅም።

ሌላም አለ። ቁጥር ጸሐፊውን አቋም ያስይዘዋል። ሦስት ሺህ ቃል ሙሉ «በአንድ በኩል ደስ ይላል፣ በሌላ በኩል ይጎድለዋል» እያለ ጌሙን ይውደደው ይጥላው ሳይናገር የሚጨርስ ሃያሲ ሞልቷል። ነጥብ ስጥ ሲባል ግን መደበቂያ የለውም።

ሌሊት_ጸሐፊ

ለጥቂት ዓመታት ለአንድ ትንሽ ድረ ገጽ ሪቪው ጽፌአለሁ፤ ስለዚህ የፀሐይን ጥያቄ ከውስጥ ልመልስ።

አሳታሚው ጌሙ ከመውጣቱ በፊት ጌሙን በነፃ የሚያስከፍት ኮድ ይልካል። ከኮዱ ጋር ኢምባርጎ ይመጣል፦ ከዚህ ቀንና ሰዓት በፊት ምንም እንዳታወጣ፣ ከዚህ ምዕራፍ በኋላ ያለውን ታሪክ እንዳትነካ፣ አንዳንዴም እኛ ከላክንልህ ቪዲዮ ሌላ እንዳታሳይ ይላል። ኮዱ ቀደም ብሎ ከደረሰ እሰየው። ብዙ ጊዜ ግን ይዘገያል፣ ሪቪው ደግሞ ኢምባርጎው በተነሳበት ደቂቃ ካልወጣ አንባቢ የለውም። ስለዚህ ስልሳ ሰዓት የሚፈጅ ጌም በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጫወቱታል። ገዝቶ የሚጫወት ሰው እንደዚያ አይጫወትም። ቆም ብለህ አካባቢውን አታይም፣ የጎን ተልእኮዎችን ትዘላለህ፣ ከባድ ቦታ ላይ ስትደርስ ደረጃውን ዝቅ አድርገህ ታልፋለህ። ድካምህም ጽሑፉ ውስጥ ይገባል። ሰፊ ክፍት ዓለም ያላቸው ጌሞች «ተደጋጋሚ» ተብለው በብዛት የሚተቹት በከፊል በዚህ ይመስለኛል፤ በሳምንት ሁለት ምሽት የሚጫወት ሰው ያንን ድግግሞሽ ላይሰማው ይችላል።

ባልዱርስ ጌት 3 ነሐሴ 2023 ሲወጣ ኮዱ ለሃያስያን የደረሰው ጥቂት ቀን ሲቀረው ነበር። ብዙዎቹ በመጀመሪያው ቀን ያወጡት ያለ ነጥብ የሆነ፣ «ገና እየተጫወትኩት ነው» የሚል ጽሑፍ ነው። እንደዚያ ላለ ግዙፍ ጌም ትክክለኛው ውሳኔ እሱ ነበር።

ወደ ቁጥሩ ስንመጣ፣ እኛ ጋ ጽሑፉ ነበር ቀድሞ የሚያልቀው። ከዚያ አርታኢው ቁጥሬን ሳያይ ጽሑፉን አንብቦ «ይህን የጻፈ ሰው ስንት ሰጠ?» ብሎ ይገምታል። የእኔ 6 የእሱ ግምት 8 ከሆነ እንቀመጣለን። ያኔ አብዛኛውን ጊዜ የሚታረመው ቁጥሩ አይደለም፣ ጽሑፉ ነው፤ ያናደደኝን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፌው ምሬቱ ቁጥሩ ውስጥ ብቻ ቀርቶ ይገኛል። ፈጣን_እጅ ያልከው እዚህ ላይ እውነት አለው። ቁጥር ለአንባቢ ምንም ባይረባ እንኳ በአርታኢ ጠረጴዛ ላይ ጥሩ መመርመሪያ ነው።

የ7 መብዛትን በተመለከተ አንድ ነገር ይታይ። የፒሲ ጌሞች መደብር በሆነው ስቲም ላይ ብቻ በ2023 ከ14,000 በላይ ጌሞች ወጥተዋል። ትልቅ የሚባል ድረ ገጽ እንኳ ከዚያ ውስጥ ገምግሞ የሚያወጣው ጥቂቱን ነው፣ እሱም ሰው የሚጠብቀውን፣ በጀት ያለውን፣ ቢያንስ የሚሠራውን። 2 እና 3 የሚገባቸው ጌሞች በሺህ ይቆጠራሉ፤ ጊዜውን የሚሰጣቸው የለም። ሪቪው ደጃፍ ላይ የደረሰ ጌም ቀድሞ ተጣርቶ ነው የመጣው፣ ስለዚህ ነጥቦቹ ወደ ላይ መሰብሰባቸው አያስገርምም።

ጥያቄ_አለኝ

ማብራሪያው ጥሩ ነው። ገንዘቡስ? ስለ ጌሙ የሚፈርደው ድረ ገጽ ግራና ቀኙ በዚያው ጌም ማስታወቂያ ተሞልቶ እያየን እንዴት እንመን?

ባዶ ጥርጣሬ አይደለም። ሃያሲው ጄፍ ገርስትማን ጌምስፖት በተባለ ድረ ገጽ ላይ ለኬን ኤንድ ሊንች፦ ዴድ ሜን 6 ሰጠ፣ ጊዜው ኅዳር 2007 ነበር፣ ድረ ገጹ ደግሞ ያኔ በዚያው ጌም ማስታወቂያ ተሸፍኖ ነበር። ሰውዬው ከሥራ ተባረረ። ምክንያቱን መናገር የቻለው በ2012 ነው፤ ያኔ የነበሩት አስተዳዳሪዎች ማስታወቂያችንን እናነሳለን በሚል የአሳታሚዎች ግፊት መደናገጣቸውን በአደባባይ ተናገረ። 6 ስለሰጠ እኮ ነው! ከዚያ በኋላ የሚጽፍ ሰው 6 ሊሰጥ ሲል እጁ አይንቀጠቀጥም?

ሌሊት_ጸሐፊ

የገርስትማን ታሪክ እውነት ነው፣ የማይረሳ ነው፣ መረሳትም የለበትም። ግን ከእሱ ተነስተን እያንዳንዱ 9 የተገዛ ነው ካልን እንሳሳታለን። እኔ በጻፍኩባቸው ዓመታት ገንዘብ ልስጥህ ያለኝ የለም። ግፊቱ የሚመጣው በኮድ ነው። ማን ቀድሞ ያገኛል፣ ማን ጌሙ ሲወጣ ገዝቶ ይጫወታል የሚለውን የሚወስነው አሳታሚው ነው። ትልቅ ድረ ገጽ ይህን ይቋቋማል። ትንሽ ድረ ገጽ ግን ኮዱ ከቀረበት በሳምንቱ ትኩስ ርዕስ ላይ የለም ማለት ነው።

ሰዓትም መሣሪያ ነው። አሳሲንስ ክሪድ ዩኒቲ በኅዳር 2014 ሲወጣ ኢምባርጎው የተነሳው ጌሙ በአሜሪካ ለሽያጭ ከቀረበ ከግማሽ ቀን በኋላ ነበር፤ ቀድመው የገዙት ሰዎች በባግ (በፕሮግራም ስህተት) የተሞላውን ጌም ያዩት ሪቪው ሳያነቡ ነው። አሳታሚው ቤተስዳ ደግሞ በጥቅምት 2016 የሪቪው ኮፒ የምልከው ጌሙ ሊወጣ አንድ ቀን ሲቀረው ነው ብሎ በይፋ አስታወቀ።

ከሁሉ የከፋው ሳይበርፐንክ 2077 ነው። ታኅሣሥ 2020 ላይ ሃያስያን ቀድመው የተሰጣቸው የፒሲው ኮፒ ብቻ ነበር፣ ራሳቸው የቀረጹትንም ቪዲዮ ማሳየት አልተፈቀደላቸውም። ነጥቡ ከፍ ብሎ ወጣ። ፕሌይስቴሽን 4 እና ኤክስቦክስ ዋን ያላቸው ሰዎች ያንን ነጥብ አይተው ገዙ፣ ያገኙት ግን በየመንገዱ የሚቆምና የሚዘጋ ጌም ነው። በሳምንቱ ገደማ ሶኒ ከመደብሩ አወረደው፣ የተመለሰውም በሰኔ 2021 ነው። ዛሬ ሜታክሪቲክን ብታዩ ፒሲው 86 ነው፣ የፕሌይስቴሽን 4ቱ 57። አንድ ስም ያላቸው ሁለት ጌሞች ናቸው ማለት ይቻላል። እዚያ ላይ ሃያስያኑ አልዋሹም፤ የተጫወቱትን ነው የገመገሙት። ግን «ፒሲ ላይ ብቻ ነው ያየሁት» የሚለው ነገር በርዕሱ ላይ፣ ከቁጥሩ እኩል በትልቁ መጻፍ ነበረበት።

ሎጂክ_ኮደር

ከጌም ሠሪው ወገን ልጨምር። ስቱዲዮ ውስጥ ነው የምሠራው፣ የምጽፈው ግን በይፋ የሚታወቀውን ብቻ ነው።

ሜታክሪቲክ በ2001 ሲጀመር ለአንባቢ የተሠራ ነበር። አሳታሚዎች ግን ለሌላ ነገር ወሰዱት። ፎልአውት፦ ኒው ቬጋስን የሠራው ኦብሲዲያን ከአሳታሚው ጋር በነበረው ውል ጌሙ ሜታክሪቲክ ላይ 85 ከደረሰ ቦነስ ይከፈለው ነበር። ያገኘው 84 ነው። ይህን በ2012 ይፋ ያደረገው ከስቱዲዮው መሥራቾች አንዱ የሆነው ክሪስ አቬሎን ነው። አስቡት፤ የአንዲት ነጥብ ልዩነት ከአንድ ሃያሲ ቁርስ ያልበላበት ጠዋት ሊመጣ ይችላል።

ያቺ 84 እንዴት እንደተሰላች ደግሞ ከድርጅቱ ውጪ የሚያውቅ የለም። ሜታክሪቲክ ለአንዳንድ ሃያስያን ከሌሎቹ የበለጠ ክብደት ይሰጣል፣ ለማን ስንት እንደሚሰጥ ግን አይናገርም። በ2015 የመጣው ኦፕንክሪቲክ ክብደት አይሰጥም፣ ተራ አማካይ ይወስዳል፣ ከጎኑም ከሃያስያኑ ስንት በመቶው ጌሙን እንደሚመክሩ ያሳያል። በእኔ ዕይታ ይህ ሁለተኛው ቁጥር ከአማካዩ ይሻላል።

ለምን ብትሉ፣ አማካይ ጠብን ይደብቃል። በ2010 ዴድሊ ፕሪሞኒሽን ሲወጣ አይጂኤን ከ10 ውስጥ 2 ሰጠው፣ ዴስትራክቶይድ 10 ሰጠው። አማካዩ ስልሳዎቹ ውስጥ ገባና መካከለኛ ጌም መሰለ። መካከለኛ አይደለም! አንዱ የተሰበረ፣ ሌላው ድንቅ ያለው ነው። ዴዝ ስትራንዲንግም በ2019 ከፋሚትሱ 40 ከ40፣ ከአይጂኤን 6.8 አግኝቷል። እንደነዚህ ያሉ ጌሞች ለአንዳንዱ የዓመቱ ምርጥ፣ ለሌላው በሁለት ሰዓት የሚጣሉ ናቸው። አንተ ከየትኛው ወገን እንደሆንክ አማካዩ አይነግርህም።

የድሮ_ካርትሪጅ

እኔም ስለ አራቱ ቁጥሮች ስናገር ይህን ማለቴ ነበር። ሐሳባቸው የተለያየ ሃያስያን ጎን ለጎን ሲቀመጡ ልዩነታቸው ራሱ መረጃ ነው። ደምረህ ስታካፍለው መረጃውን ትጥለዋለህ።

ሕዝብ_ይፍረድ

ጋሼ ካርትሪጅ፣ እርስዎ ያሉት አራት ሰው ነው። እኔ አርባ ሺህ ሰው አለኝ፦ የስቲም ሪቪው። አብዛኞቹ ኮድ አልተላከላቸውም፣ በገንዘባቸው ገዝተው ነው፣ ስንት ሰዓት እንደተጫወቱም ከስማቸው አጠገብ ተጽፏል። ከ2013 ጀምሮ አሠራሩ ቀላል ነው፦ ትመክራለህ ወይስ አትመክርም? 7 ይሁን 8 ብሎ መጨነቅ የለም። ከ2016 ወዲህ ደግሞ የቅርብ ጊዜዎቹን ለብቻ ያሳያል፣ ስለዚህ አንድ አፕዴት ጌሙን ቢያበላሸው በቀናት ውስጥ ታየዋለህ። የትኛው ሃያሲ ነው ከስድስት ወር በኋላ ተመልሶ የሚያየው?

ጥያቄ_አለኝ

ዘ ላስት ኦፍ አስ ፓርት 2ንስ? ሰኔ 2020 በወጣበት ቀን ሜታክሪቲክ ላይ ከተጠቃሚዎች የዜሮ ዝናብ ወረደበት። ጌሙ ከሃያ ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ማን ጨርሶ ነው ዜሮ የሰጠው? በሚቀጥለው ወር ሜታክሪቲክ ተጠቃሚዎች ነጥብ ከመስጠታቸው በፊት 36 ሰዓት እንዲጠብቁ አደረገ። ሕዝብ ይፍረድ ካልን ሕዝቡ መጀመሪያ ይጫወት።

ሕዝብ_ይፍረድ

በዚያኛው እስማማለሁ፤ ሳይጫወቱ መፍረድ ነውር ነው። ስቲም ግን የተጫወቱበትን ሰዓት ያሳያል ያልኩት ለዚህ ነው። ደግሞ እያንዳንዱን የሕዝብ ቁጣ ውሸት አድርገን አንጣለው። ግራን ቱሪስሞ 7 በመጋቢት 2022 ሲወጣ ሃያስያን ወደዱት፣ 87 አካባቢ ነው ያለው። ከወጣ በኋላ በመጣ አፕዴት ከውድድሮች የሚገኘው የጌሙ ገንዘብ ተቀነሰ፤ ወይ ያንኑ ውድድር ስትደጋግም ትውላለህ፣ ወይ እውነተኛ ገንዘብ ከፍለህ ትገዛለህ። የተጠቃሚዎቹ ነጥብ ያኔ ነው ክፉኛ የወደቀው። የተናደዱት ጌሙን የሚጫወቱት ናቸው፣ ምክንያታቸውም ትክክል ነበር፣ ሠሪዎቹም ይቅርታ ጠይቀው አሻሻሉት። የሃያስያኑ 87 ግን ንቅንቅ አላለም።

ሁለተኛ_ሴቭ

እዚህ ላይ እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ጥያቄ መጣ፦ ጌሙ ሲለወጥ ነጥቡ ይለወጥ?

ሁለት ታሪኮች ላስቀምጥ። በ2013 ፖሊጎን የተባለ ድረ ገጽ ሲምሲቲ የተባለውን ጌም ከመውጣቱ በፊት ገምግሞ 9.5 ሰጠው። ጌሙ ያለ ኢንተርኔት አይሠራም ነበር፤ በወጣበት ቀን ሰርቨሮቹ ሰውን መሸከም አቃታቸው፣ የገዛው ሁሉ መግባት አልቻለም። ፖሊጎን ወደ 8 ዝቅ አደረገው፣ ከዚያ ወደ 4፣ ነገሩ ሲረጋጋ ወደ 6.5 አወጣው። ብዙዎች ሳቁበት። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ በየቀኑ የተጻፈው ለዚያ ቀን ገዢ እውነት ነበር። ጥፋቱ ከ4 ላይ ሳይሆን ከመጀመሪያው 9.5 ላይ ነው፤ ሰው በሌለበት ሰርቨር ላይ ተጫውተው፣ ሰው የሚሞላበትን ጌም ገመገሙ።

ሁለተኛው የ2017ቱ ፕሬይ ነው። የአይጂኤን ሃያሲ ፒሲ ላይ ሲጫወት ሴቩ (እስከዚያ የተጫወተው የተቀመጠበት ፋይል) ተበላሽቶበት መቀጠል አልቻለም፣ 4 ሰጠው። ፓች ወጥቶ ሲስተካከል 8 አደረገው። አሁን ንገሩኝ፤ ያ 4 ለማን ነው የተሰጠው? ሴቩ ላልተበላሸበት ሰው ጌሙ ከመጀመሪያውም 8 ነበር። ሴቩ ለተበላሸበት ሰው ደግሞ 4ም በዛ። እኔ ሃያሲው ትክክል ሠርቷል ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም የደረሰበትን ደብቆ «ለሌላው ሰው ጥሩ ይሆናል» ብሎ መገመት ሥራው አይደለም። ግን ምንም ዓይነት ቁጥር ሁለቱን ሰዎች በአንድ ጊዜ ሊያገለግል እንደማይችል ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም።

ነገሩን የሚያጠብቀው ደግሞ ሜታክሪቲክ መጀመሪያ የወጣውን ነጥብ ብቻ የሚይዝ መሆኑ ነው። ድረ ገጹ በኋላ ቢያስተካክልም አማካዩ ውስጥ አይገባም። ኖ ማንስ ስካይ በ2016 ሲወጣ ቃል የተገባለት ብዙ ነገር አልነበረውም፣ ፕሌይስቴሽን 4 ላይ 71 ተሰጠው፣ ተገቢም ነበር። ከዚያ ወዲህ ለዓመታት በነፃ አፕዴት ሲሠራ ኖሯል፣ ዛሬ የሚጫወተው ሰው ያኔ የተገመገመውን ጌም አይደለም የሚጫወተው። 71ዱ ግን እዚያው ነው።

ፈጣን_እጅ

ሁለተኛ_ሴቭ፣ በዚህ አልስማማም። ነጥቡ ባለበት ይቅር። ጌሙን በመጀመሪያው ቀን ሙሉ ዋጋ አስከፍለው የሸጡ ሰዎች ናቸው፤ ያን ቀን የሸጡት ምን እንደነበር ተመዝግቦ መቆየት አለበት። በኋላ ስላስተካከሉ ታሪኩ ከተፋቀላቸው ያልተጠናቀቀ ጌም መሸጥ ምን ይጎዳቸዋል? ከፈለጉ ሁለተኛ ሪቪው ይጻፍ፣ ቀኑ ተጽፎበት፣ ከፊተኛው ጎን ይቀመጥ።

ሁለተኛ_ሴቭ

ሁለተኛ ሪቪው ከቀን ጋር ከሆነ ተስማምቻለሁ። እኔ የጠላሁት አንዱ በሌላው ላይ እንዲደረብ ነው።

ሁለት_ቀለም

እስካሁን የተነሳው ሁሉ ጥሩ ነው፣ እኔን የሚነካው ግን አልተነሳም። ቀይና አረንጓዴን መለየት አልችልም። ጓደኛና ጠላት በቀለም ብቻ የሚለዩበት ጌም 95 ቢያገኝም ለእኔ አይሆንም፤ ስንት ጊዜ ነው ሪቪው ከላይ እስከ ታች አንብቤ ስለዚህ አንድ ቃል ሳላገኝ የቀረሁት። የጽሑፉ መጠን ይተልቃል? የድምፅ ምልክቶች በጽሑፍ ይታያሉ? ቁልፎቹን መለዋወጥ ይቻላል? ካን አይ ፕሌይ ዛት የሚባል፣ በአካል ጉዳተኛ ተጫዋቾች ዓይን የሚጽፍ ድረ ገጽ አለ፣ እሱን ነው የማነበው። ዋና ዋናዎቹ ድረ ገጾችም ባለፉት ዓመታት መሻሻል አሳይተዋል፣ ግን ገና ነው። ይህን ወደ ነጥብ ቀይሩልኝ አላልኩም፤ ሊቀየርም አይችልም። ሜኑውን ከፍታችሁ ያያችሁትን ብቻ ጻፉልኝ።

ፀሐይ_ፒክስል

ሁለት_ቀለም፣ ስላነሳኸው አመሰግናለሁ። ይህ ክር ሲከፈት አልታየኝም ነበር፣ አሁን ግን ዋናው ነገር ይመስለኛል። ለአንዱ ሰው ጌሙን ጭራሽ መጫወት መቻል አለመቻሉን የሚወስን ነገር በነጥቡ ውስጥ ቦታ የለውም።

ፈጣን_እጅን ግን አልረታሁትም። ቁጥር ለመጣል የሞከሩትን ሳስብ ዩሮጌመር ይመጣብኛል። በየካቲት 2015 ነጥብ መስጠት አቁሞ «አስፈላጊ»፣ «የሚመከር»፣ «ከእሱ ራቁ» የሚሉ ምልክቶችን ብቻ አስቀረ። እጅግ ደስ ብሎኝ ነበር። በ2023 ከአምስት ኮከብ መስጠት ጀመረ። ስምንት ዓመት ሞክሮ የተመለሰ ድረ ገጽ አንባቢውን የሚያውቅ ነው፣ ዝም ብዬ ላልፈው አልችልም። አይጂኤንም በ2020 መጀመሪያ ላይ ነጠላ አስርዮሽ ቁጥሮቹን ትቶ ወደ ሙሉ ቁጥር ዞረ፤ 8.3ን ከ8.4 ለይቶ ማስረዳት የሚችል ሰው ስለሌለ ያ ቢያንስ ሐቀኛ እርምጃ ነው።

ስለዚህ ቁጥሩ ይቅር የሚለውን ልተወውና ለዚህ መድረክ አንድ ሐሳብ ላቅርብ። እዚህ ሪቪው የሚጽፍ ሰው ከጽሑፉ በፊት የትኛው መሣሪያ ላይ እንደተጫወተ፣ ስንት ሰዓት፣ ጨርሶት ከሆነ፣ ገዝቶት ይሁን ኮድ ተልኮለት፣ ጌሙ በዚያን ቀን የነበረበትን አፕዴት፣ ሁለት_ቀለም የጠየቃቸውንም ይጻፍ። ነጥብ መስጠት የሚፈልግ ይስጥ፣ ግን ከታች፣ ሰው ያን ሁሉ ካነበበ በኋላ። ምን ትላላችሁ?

ፈጣን_እጅ

ነጥቡ ከታች መሆኑን አልወደድኩትም፣ ግን እሺ። ከላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨመር፦ ይህ ጌም ለማን ነው። «ተረጋግቶ ታሪክ መከተል ለሚወድ» ወይም «ከጓደኛ ጋር ካልሆነ አትንኩት»። እሱ ካለ ቁጥሩን አልጠይቅም።

ጥያቄ_አለኝ

«ጨርሶት ከሆነ» የሚለው ላይ ጥያቄ አለኝ። ያልጨረሰ ሰው ይጻፍ ነው የምትሉት? ፊልም አጋማሽ ላይ ወጥቶ የሚተች ሃያሲ ማን ያነባል?

ሌሊት_ጸሐፊ

ይጻፍ። መጨረሻ የሌላቸው ጌሞች አሉ፤ በመስመር ላይ ከሰው ጋር የሚጫወቷቸውን ማን ይጨርሳቸዋል? ደግሞም አርባ ሰዓት ተጫውቶ የተወ ሰው የተወበት ምክንያት ለገዢ ከብዙ ነገር በላይ ይጠቅመዋል። የማልቀበለው ያልጨረሰ ሰው ስለ መጨረሻው ሲፈርድ ነው። «እስከ ሦስተኛው ምዕራፍ ደርሻለሁ፣ ውጊያው ከሁለተኛው ወዲህ አልተለወጠም፣ ታሪኩ በኋላ ቢሻሻል አላየሁትም» ብሎ የቆመበትን ከነገረኝ አምነዋለሁ። በነጥብ መስጠት ላይ ግን ጥብቅ እንሁን፦ ታሪክ ያለውን ጌም ያልጨረሰ ሰው ይጻፍ፣ ነጥብ ግን አይስጥ።

ፀሐይ_ፒክስል

ገባ። የፈጣን_እጅን ዓረፍተ ነገር ከላይ፣ የሌሊት_ጸሐፊን ደንብ ከነጥቡ አጠገብ ጨምሬ አዲስ ክር ላይ አስቀምጠዋለሁ። ሁለት_ቀለም፣ የሜኑውን ጥያቄዎች አንተ በራስህ ቃል ጽፈህ ላክልኝ፤ እኔ ብጽፋቸው የሚጎድል ይኖራል።

ሁለት_ቀለም

ዛሬ ማታ እልካለሁ። የጽሑፍ መጠንን ከሁሉ አስቀድሜዋለሁ፤ ቴሌቪዥን ላይ ርቀው ተቀምጠው የሚጫወቱ ሁሉ ይፈልጉታል፣ ዓይናቸው ደህና የሆነም።